ያልተወራረደው የደም ሂሳብ

የቀይ ጦር ወታደር ከአሜሪካ የተላከለትን የታሸገ ሥጋ በሳንጃው ጫፍ ሲከፍት ‹‹እስቲ ሁለተኛውን ግንባር እንክፈት!›› ይል ነበር። ቀልዱ ከመለመዱ የተነሣ ጣሳው ራሱ ‹‹ሁለተኛ ግንባር›› የሚል ስም ወጣለት። ሞስኮ፣ ጀርመን በጁን 1941 ከወረረቻት ጊዜ ጀምሮ፣ አጋሮቿ በምዕራብ አውሮፓ ጦር አውርደው የሂትለርን ኃይል ለሁለት እንዲከፍሉላት ስትለምን፣ ስትጎተጉት፣ በኋላም ስትቆጣ ኖራለች። ግንባሩ አልከፈት ሲል የመጣው ሥጋ ነበር። ወታደሩም ያንን ሥጋ እየበላ ያሾፋል፤ እያሾፈም ይበላል። ጠግቦ መቀየም ማለት ይህ ነው። (ዘመኖቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አጋሮች በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዴት ጠላቶች ሆኑ ለሚለው ጥያቄ አገራችን ውስጥ ሁለት መልስ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ሁለቱም ግን አንድ ናቸው። በደርግ ዘመን የፖለቲካ ትምህርት የተከታተለ ሰው ለሁለት የተከፈለውን ጥቁር ሰሌዳ አይረሳውም። በግራ ሶሻሊዝም፣ በቀኝ ኢምፔሪያሊዝም፣ መሐላቸው አንድ ወፍራም የጠመኔ መስመር። እሳትና ጭድ ናቸው፣ አብረው ሊያድሩ አይችሉም ተባልን። ደርግ ከወደቀ በኋላ ደግሞ መልአኩንና ሰይጣኑን አቀያየርናቸው እንጂ ሰሌዳውን አላጠፋነውም። ዛሬም ስለ አዲስ ቀዝቃዛ ጦርነት በተወራ ቁጥር ያቺው የጠመኔ መስመር ብቅ ትላለች።

እኔ መስመሯን ያሰመረው ሂሳብ ነው ባይ ነኝ። አንዱ በደም፣ ሌላው በዕቃና በገንዘብ ከፈለ። ጦርነቱ ሲያልቅ ሁለቱም መዝገባቸውን ዘርግተው ‹‹ባለዕዳው አንተ ነህ›› ተባባሉ። ርዕዮተ ዓለሙ ለጠቡ ስም አወጣለት፤ ልጁ ግን ከስሙ በፊት ተወልዶ ነበር።

እምነት ብቻ የሚያጣላቸው ቢሆን ኖሮ ቀድሞውንም ባልተገናኙ። ሶቪየት ኅብረት በኒዥኒ ኖቭጎሮድ ታላቁን የመኪና ፋብሪካዋን ለመትከል በ1929 ውል የገባችው ከሌላ ከማንም ሳይሆን ከሄንሪ ፎርድ ኩባንያ ጋር ነው። ዋሽንግተን በ1933 ለሞስኮ መንግሥት ዕውቅና ስትሰጥ ስታሊን ማርክስን አልካደም፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትም ቀይ ባንዲራ አልሰቀለም። በኦገስት 1939 ስታሊን ከሂትለር ጋር ያለመጠቃቃት ውል ተፈራርሞ ፖላንድን ሲካፈል፣ ፋሺዝምን ሲያወግዙ የኖሩ የኮሙኒስት ፓርቲዎች በአንድ ሌሊት አንደበታቸውን ማረቅ ግድ ሆነባቸው። ቸርችልን እንመልከት። ከ1917ቱ አብዮት በኋላ ቦልሼቪኮችን ገና በጨቅላነታቸው እናጥፋቸው እያለ ጦር እንዲላክ የተሟገተ ሰው ነው። በ1941 ግን ሂትለር ሲኦልን ቢወር ኖሮ ስለ ሰይጣን ቢያንስ አንድ ደግ ቃል በምክር ቤት እናገር ነበር አለ። በዚያው ሰሞን ሃሪ ትሩማን የሚባል አንድ የሚዙሪ ሴናተር፣ ሂትለር እንዲያሸንፍ ባይፈልግም፣ ጀርመን ስታሸንፍ ካየን ሩሲያን እንርዳ፣ ሩሲያ ስታሸንፍ ካየን ጀርመንን እንርዳ፣ በዚህ መንገድ የቻሉትን ያህል ይገዳደሉ ሲል ለጋዜጠኞች ተናገረ። ይህ ሰው ከአራት ዓመት በኋላ በሩዝቬልት ወንበር ላይ ይቀመጣል። የክሬምሊን ሰዎች ደግሞ ጋዜጣ አንባቢዎች ነበሩ።

በእኛ ገጠር መቀናጆ የሚባል ነገር አለ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ፣ እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ያቀናጅና በተራ ያርሳሉ። ሰዎቹ መዋደድ አይጠበቅባቸውም፤ አንዳንዴ የአባቶቻቸው የድንበር ክርክር ገና ፍርድ ቤት ይሆናል። ጠብ የሚመጣው ከተራው ነው። ዝናቡ ጥሎ መሬቱ ሲለሰልስ የማን ማሳ ይቅደም? ተራው ዘግይቶ ቡቃያው የከሳበት ሰው ‹‹ዝናቡ ቀደመኝ›› አይልም። ‹‹ሆን ብሎ ነው ያዘገየኝ›› ይላል።

የስታሊን ማሳ ሦስት ዓመት ዘገየ። በሜይ 1942 መጨረሻ የውጭ ጉዳይ ኃላፊው ሞሎቶቭ ወደ ዋሽንግተን በረረ። በዋይት ሐውስ እንግዳ ሆኖ ሲያርፍ ሻንጣውን የፈታው አስተናጋጅ ከልብሱ ጋር ጥቁር ዳቦ፣ ቋሊማና ሽጉጥ አገኘ። የጓደኛ ቤት ስንቅና ጦር መሣሪያ ይዞ መሄድ ስለ ጓደኝነቱ ብዙ ይናገራል፤ ወይዘሮ ሩዝቬልትን ግን አሳቃቸው እንጂ አላስቆጣቸውም። ሞሎቶቭ ይዞት የተመለሰው መግለጫ፣ በ1942 በአውሮፓ ሁለተኛ ግንባር የመክፈቱን አስቸኳይ ተግባር በተመለከተ ሙሉ መግባባት ላይ ተደርሷል የሚል ነበር። መግባባት ተደረሰ ማለት እንከፍታለን ማለት ነው ወይስ አይደለም? ሞስኮ ‹‹ነው›› ብላ አነበበችው፤ ለንደን ‹‹አይደለም›› ብላ።

በኦገስት ቸርችል ራሱ ሞስኮ ድረስ ሄዶ ዘንድሮ የለም የሚለውን መርዶ ለመንገር ተገደደ። ጉዞውን ወደ ሰሜን ዋልታ ትልቅ የበረዶ ግግር ተሸክሞ እንደመሄድ ነው ሲል ገልጾታል። ስታሊንም ጀርመኖችን እንዲህ የምትፈሩት ለምንድን ነው እያለ በነገር ወጋው። በእውነቱ የምዕራባውያኑ ምክንያት ባዶ አልነበረም። በዚያው ወር በፈረንሳይ ዲዬፕ ወደብ የተሞከረው ማረፍ፣ ባብዛኛው ካናዳውያን የሆኑ ወታደሮችን በሺዎች አስጨርሶና አስማርኮ በአንድ ቀን ከሽፏል። ጦሩ አልተዘጋጀም፣ ጀልባውም አልበቃም። ነገር ግን 1942 ወደ 1943፣ 1943ም ጦሩ ፈረንሳይ ወደወረደበት ጁን 6 ቀን 1944 ሲገፋ፣ በመካከሉ ስታሊንግራድ አለፈ፤ ኩርስክ አለፈ፤ ሌኒንግራድ ተከባ በረሃብ ረገፈች። ጦርነቱ ሲያበቃ ሶቪየት ኅብረት የቀበረችው ሕዝብ፣ ወታደሩና ሲቪሉ ተደምሮ፣ ወደ 27 ሚሊዮን ይጠጋል። የአሜሪካ ሙታን ወደ 400,000 ናቸው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ የሶቪየት ሰው ስለ ዲዬፕ የሚነገረውን ለመስማት ጆሮ ሊኖረው አይችልም።

ሌላኛው መዝገብ ግን እሱም ከባድ ነበር። አሜሪካ ለሶቪየት ኅብረት በብድርና በውሰት ስም የላከችው ዕቃ ወደ 11 ቢሊዮን ዶላር ይገመታል። ከ400,000 በላይ የጭነት መኪናና ጂፕ፣ ጫማ፣ ስኳር፣ ባቡር፣ ነዳጅ። ቀይ ጦር ከ1943 በኋላ ወደ ምዕራብ የገሰገሰው ብዙውን መንገድ በስቱድቤከር መኪና ላይ ተጭኖ ነው። ያንን ዕቃ በሰሜን ዋልታ ባሕር ያመጡ መርከበኞችም በብርድና በቶርፔዶ አልቀዋል፤ በጁን 1942 መጨረሻ ከተነሣ አንድ ቅፍለት ብቻ 24 መርከቦች ሰመጡ። ዋሽንግተን ይህን ስትቆጥር ‹‹እኛ ባንኖር›› ትላለች። ሞስኮም የራሷን ስትቆጥር ‹‹እኛ ባንሞት›› ትላለች። ሁለቱም እውነት ነው፤ ለዚህ ነው አስታራቂ ያልተገኘለት። በውሸት ከተጣሉ ሰዎች በእውነት የተጣሉትን ማስታረቅ ይከብዳል።

አሁን ወደ አንዲት ቁራጭ ወረቀት። ኦክቶበር 9 ቀን 1944፣ ሌሊት፣ ክሬምሊን። ቸርችል ከስታሊን ፊት ለፊት ተቀምጦ በግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ የአገር ስምና ቁጥር ጻፈ። ሩማንያ፦ ሩሲያ 90 በመቶ፣ ሌሎች 10። ግሪክ፦ ብሪታንያ 90፣ ሩሲያ 10። ዩጎዝላቪያና ሃንጋሪ እኩል በእኩል። ቡልጋሪያ፦ ሩሲያ 75። አስተርጓሚው ሲተረጉም ወረቀቱን ገፋ አደረገለት። ስታሊን ሰማያዊ እርሳሱን አንሥቶ ትልቅ የራይት ምልክት አሰፈረበትና መለሰለት። ዝም ተባለ። ቸርችል ራሱ እንደጻፈው፣ የሚሊዮኖችን ዕጣ እንዲህ በቀላሉ መወሰናችን ነውር አይመስልም ወይ፣ ወረቀቱን እናቃጥለው ብሎ ጠየቀ። ስታሊን ‹‹አይ፣ አንተው ያዘው›› አለ።

በዚህች ወረቀት ላይ ካፒታሊዝም የሚል ቃል የለም። ኮሙኒዝም የሚልም የለም። ያለው የጦሩ እግር የት እንደደረሰና የት ሊደርስ እንደሚችል ብቻ ነው። ስታሊን ከወራት በኋላ ለዩጎዝላቪያ ኮሙኒስቶች፣ ይህ ጦርነት እንዳለፉት አይደለም፣ ምድሪቱን የያዘ ሁሉ ጦሩ በደረሰበት ሥርዓቱን ይተክላል ብሏቸዋል። ብዙዎች ይህን የኮሙኒስት መስፋፋት ኑዛዜ አድርገው ያነብቡታል። እኔ የማነብበው ተራ የጦር አበጋዝ ንግግር አድርጌ ነው፤ ማንኛውም የእኛ የዘመነ መሳፍንት ሹም ሰምቶት አይደነቅም ነበር።

ሂሳቡ ወደ ጠብ የተለወጠባት አገር ፖላንድ ናት፤ እዚህ ላይ ስታሊንን የሚያስተባብል ሰው ካለ ከእኔ ጋር አይስማማም። ብሪታንያ በ1939 ወደ ጦርነት የገባችው ለፖላንድ ብላ ነው፤ የፖላንድ ስደተኛ መንግሥትም ለንደን ተቀምጧል። ስታሊን ግን በ1940 በካቲንና በሌሎች ሥፍራዎች ወደ 22,000 የሚጠጉ የፖላንድ መኮንኖችና ምሁራንን አስገድሏል። መቃብሩ በ1943 ሲገኝ ጀርመኖች ናቸው ብሎ ካደ፤ ምርመራ የጠየቀውን የለንደን መንግሥትም ግንኙነት አቋረጠበት። ቸርችልና ሩዝቬልት ጠረጠሩ፤ ዝምም አሉ። የሚዋጋላቸውን ጦር ማስቀየም አልፈለጉም። ከዚያ ኦገስት 1944 መጣ። ዋርሶ በጀርመኖች ላይ ተነሣች። 63 ቀን ተዋጋች። ቀይ ጦር ከቪስቱላ ወንዝ ማዶ ቆሞ ነበር። ጦሩ ደክሞ ነበር የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ፤ ይሁን። ነገር ግን ለዋርሶ ስንቅና ጥይት የሚጥሉ የምዕራባውያን አውሮፕላኖች በሶቪየት ማረፊያዎች ነዳጅ እንዲቀዱ መከልከልን ድካም አያስረዳውም። ፈቃዱ ሲመጣ ሴፕቴምበር ተጋምሶ ነበር፤ ከተማይቱም አልቃ ነበር።

በፌብሩዋሪ 1945 በክራይሚያዋ ያልታ በተደረገው የሦስቱ መሪዎች ጉባኤ ላይ ስታሊን ስለ ፖላንድ የተናገረው እኔን ባያሳምነኝም ይገባኛል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ጀርመን ሁለት ጊዜ የመጣችብን በፖላንድ በኩል ነው፣ ይህ በር ከእንግዲህ በእኛ ወዳጅ እጅ መሆን አለበት አለ። ነፃ ምርጫ ይደረጋል ብሎም ፈረመ። ችግሩ እነዚህ ሁለት ነገሮች አብረው የማይሄዱ መሆናቸው ነው፤ ከካቲንና ከዋርሶ በኋላ በነፃ የሚመርጥ ፖላንዳዊ ለሞስኮ ወዳጅ የሆነ መንግሥት አይመርጥም። ስታሊን ይህን ያውቅ ነበር። ሩዝቬልትም፣ ያኔ እየመነመነ የነበረው፣ የሚያውቅ ይመስለኛል። ምርጫው በጃንዋሪ 1947 ተደረገ፤ ውጤቱ ከድምፁ ቀድሞ የታወቀ ነበር።

ሩዝቬልት ኤፕሪል 12 ቀን 1945 ሞተ። ከ13 ቀን በኋላ የአሜሪካና የሶቪየት ወታደሮች በኤልባ ወንዝ ቶርጋው ላይ ተገናኝተው ተቃቀፉ፤ ፎቶግራፉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚህ ግንኙነት ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ግን አዲሱ ፕሬዚዳንት ትሩማን ሞሎቶቭን ዋይት ሐውስ ውስጥ አስቀምጦ ስለ ፖላንድ ክፉኛ ገሥጾት ነበር። ጀርመን እጅ በሰጠች በጥቂት ቀናት ውስጥ ደግሞ ዋሽንግተን የዕቃውን ርዳታ ድንገት አቋረጠች፤ በባሕር ላይ የነበሩ መርከቦች ሳይቀሩ እንዲመለሱ ታዘዙ። ስሕተት ነው ተብሎ ትእዛዙ ወዲያው ቢለዝብም ስታሊን ለትሩማን ልዑክ ለሆፕኪንስ አሠራሩ የሚያሳዝንና ጭካኔ ያለበት ነው አለው።

ይልቅ እኔን የሚያስቀኝ የብድሩ ጉዳይ ነው። ሞስኮ በኦገስት 1945 የአንድ ቢሊዮን ዶላር ብድር ጥያቄ አቀረበች። ወራት አለፉ፤ መልስ የለም። በ1946 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሰነዶች ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ሲዛወሩ ጥያቄው ያለ ቦታው ተቀምጦ ቆይቶ ነው ሲል አስታወቀ። በአጭሩ ፋይሉ ጠፍቷል! በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ የጠናን ሰዎች ይህችን መልስ የት እንደሰማናት እናውቃለን፤ ምን ማለት እንደሆነችም እናውቃለን። በዚያው ጊዜ ለብሪታንያ 3.75 ቢሊዮን ዶላር ተፈቅዶላታል። ምዕራብ ሩሲያ ግን ፍርስራሽ ነው፤ ሰው በጉድጓድ ቤት ያድራል። ሞስኮ ቢያንስ ከጀርመን የጦር ካሣ አገኛለሁ ብላ ነበር። በያልታ ለመነጋገሪያ ተብሎ ከተነሣው 20 ቢሊዮን ዶላር ግማሹ የእርሷ ነበር። በሜይ 1946 በጀርመን የአሜሪካው የጦር ገዥ ጄኔራል ክሌይ ከእርሱ ክልል የሚሄደውን የካሣ ማሽን አቆመ። ከዚህ በኋላ የደሙ ሂሳብ በማን ይከፈል? ስታሊን የመለሰው በያዘው መሬት ነው። ከምሥራቅ ጀርመን ሐዲዱ ሳይቀር እየተነቀለ ተጫነ።

ስለ አቶም ቦምቡ ብዙ ተጽፏልና አልቆይበትም። ትሩማን ጁላይ 24 ቀን 1945 ፖትስዳም ላይ ለስታሊን ከወትሮው የተለየ አጥፊ ኃይል ያለው አዲስ መሣሪያ አለን ብሎ እንደ ዋዛ ሲነግረው፣ ስታሊን ደስ ይላል ብሎ አለፈው። ሰላዮቹ ቀድመው ነግረውታል። አንዱ ሌላውን እንዳላመነ ሁለቱም ያወቁበት ቅጽበት ነው። በ1946 የሆነውም ባብዛኛው ንግግር ነው። በፌብሩዋሪ ስታሊን በቦልሾይ ቲያትር፣ በዚያው ወር የአሜሪካው ዲፕሎማት ኬናን ከሞስኮ ኤምባሲ በላከው ረጅም ቴሌግራም፣ በማርች ቸርችል በአሜሪካዋ ፉልተን ከተማ አውሮፓን ለሁለት ስለከፈለው ‹‹የብረት መጋረጃ››። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ጠቡን ከእነዚህ ንግግሮች ይጀምሩታል፤ እኔ ንግግሮቹን የማያቸው ሁለት የተቀያየሙ ጎረቤቶች ለመንደሩ መናገር እንደጀመሩበት ቀን ነው። ለመንደር ከተነገረ በኋላ ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ ያሳፍራል።

ግሪክ ላይ አንድ ምፀት አለ። ብሪታንያ በፌብሩዋሪ 1947 ለግሪክ መንግሥት የምሰጠው ገንዘብ አልቆብኛል ብላ ለዋሽንግተን አስታወቀች። ትሩማንም በማርች 12 ለግሪክና ለቱርክ 400 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ፤ ዓለምን በሁለት የአኗኗር ሥርዓት ከፍሎ ተናገረ። ነገር ግን ስታሊን ቃሉን የጠበቀባት አንዲት አገር ብትኖር ግሪክ ነበረች። በዲሴምበር 1944 የእንግሊዝ ወታደሮች በአቴና ጎዳናዎች ላይ ኮሙኒስት መራሹን ጦር ሲወጉ ሞስኮ ትንፍሽ አላለችም፤ 90 በመቶው የቸርችል ነበርና። በ1947 አማፂውን ያስታጥቅ የነበረው በዋናነት የዩጎዝላቪያው ኮሙኒስት መሪ ቲቶ ነው፤ ያውም ስታሊንን እያስቆጣ።

ነገሩ የተቆለፈው በዚያው ዓመት በጁንና በጁላይ ነው፤ ቁልፉም ያለው ፕራግ ነው። ጁን 5 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጄኔራል ማርሻል በሃርቫርድ የአውሮፓን መልሶ ግንባታ ዕቅድ አስታወቀ። ግብዣው በወረቀት ደረጃ ለሁሉም ነበር። ሞሎቶቭ ብዙ ባለሙያዎች አስከትሎ ፓሪስ ሄደ፤ ሊያባርር የመጣ ሰው ያን ሁሉ የኢኮኖሚ ባለሙያ አያስከትልም። የምዕራባውያኑ ጥያቄ ግን የጋራ ዕቅድና የኢኮኖሚ መረጃ መገለጥን የሚጠይቅ ሆነ፤ ጀርመንም ከሩሲያ ካሣ በፊት ልትነሣ ነው። ሞሎቶቭ በጁላይ መጀመሪያ ወጥቶ ሄደ። የቼኮዝሎቫኪያ ካቢኔ ግን ግብዣውን ተቀብሎ ነበር፤ በአንድ ድምፅ፣ ኮሙኒስቱን ጠቅላይ ሚኒስትር ጎትዋልድን ጨምሮ! እዚህ ላይ የጠመኔው መስመር የት አለ? ኮሙኒስቱም የአሜሪካን ዶላር ፈልጎ እጁን አውጥቷል።

ስታሊን ጎትዋልድንና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ጃን ማሳሪክን አስጠራ። ጁላይ 9 ሌሊት ክሬምሊን ውስጥ ፓሪስ የምትሄዱ ከሆነ በሶቪየት ኅብረት ላይ እንደተነሣችሁ እንቆጥረዋለን አላቸው። በማግስቱ ፕራግ ሐሳቧን ቀየረች። ማሳሪክ ለወዳጆቹ እንደተናገረው የሚጠቀስለት ነገር፣ ሞስኮ የሄድኩት የሉዓላዊት አገር ሚኒስትር ሆኜ ነው፣ የተመለስኩት የስታሊን አሽከር ሆኜ ነው የሚል ነው። በፌብሩዋሪ 1948 ኮሙኒስቶች ሥልጣኑን ጠቀለሉት። ማርች 10 ንጋት ላይ ማሳሪክ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ግቢ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ሥር፣ በሌሊት ልብሱ ወድቆ ሞቶ ተገኘ። ዘሎ ነው ወይስ ተገፍትሮ ነው የሚለው ክርክር ዛሬም አላበቃም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። በጁን 1948 ምዕራባውያኑ በጀርመን ክልላቸው አዲስ ማርክ አወጡ፤ ስታሊን የምዕራብ በርሊንን መንገድ ዘጋ። ከሦስት ዓመት በፊት በዚያች ከተማ ላይ ቦምብ የጣሉ አገሮች አብራሪዎች አሁን የድንጋይ ከሰል ይዘው ይወርዱባት ጀመር። ከተጫነው ወደ 2.3 ሚሊዮን ቶን ውስጥ አብዛኛው ከሰል ነበር። ሃልቨርሰን የሚባል አብራሪ በመሐረብ ጃንጥላ ለልጆች ከረሜላ ይጥል ነበር። መንገዱ በሜይ 1949 ሲከፈት የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን (ኔቶ) ተፈርሞ ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ ጀርመን ሁለት አገር ሆና ነበር፤ ስታሊንም የራሱን ቦምብ አፈንድቶ ነበር።

በዚያው ጁን 1948 ደግሞ ቲቶ ከኮሙኒስቶቹ ማኅበር ተባረረ። ቲቶ ማርክስን አልካደም፤ መሬቱን ነጠቀ፣ ፋብሪካውን ወረሰ፣ የፓርቲውን ሰው ሾመ። ጥፋቱ ቤልግሬድን ቀይ ጦር ብቻውን እንዳልሰጠው ማወቁ፣ ስለዚህም ለስታሊን ዕዳ የለብኝም ማለቱ ነው። ጥቂት ቆይቶ የአሜሪካ ስንዴና መሣሪያ ደረሰለት። እሳትና ጭድ ናቸው የምትሉ ወንድሞቼ ይህን እንዴት እንደምታስረዱኝ አላውቅም።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ደብተር የተከፈተው ያልታ በተዘጋ በሁለተኛው ቀን ነው። ሩዝቬልት ከክራይሚያ ተነሥቶ በስዊዝ ቦይ ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመችው ኩዊንሲ በምትባለው የጦር መርከብ ላይ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945 ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኘ። ንጉሠ ነገሥቱ የኤርትራንና የባሕር በርን ጉዳይ፣ የባቡሩን ጉዳይ ይዘው ነበር የመጡት። የቀድሞዎቹ የጣሊያን ቅኝ ግዛቶች ዕጣ የተሰጠው ግን ለአራቱ ኃያላን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ነው። በሴፕቴምበር 1945 ለንደን ላይ አሜሪካ የጋራ ዓለም አቀፍ ሞግዚትነት ይሁን አለች፤ ሞሎቶቭ የሊቢያን ክፍል ትሪፖሊታንያን ለእኛ ስጡን ብሎ የብሪታንያውን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቤቪንን አስደነገጠው። በ1948 መጀመሪያ ሞስኮ ግዛቶቹ ለጣሊያን ይመለሱ ባይ ሆነች፤ የጣሊያን ኮሙኒስቶች በኤፕሪል ምርጫ ያሸንፉ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበራትና። ተሸነፉ። በሴፕቴምበር 1948 ሞስኮ የጋራ ሞግዚትነት ይሁን አለች፤ አሜሪካ በ1945 ያቀረበችውን ያንኑ ሐሳብ። አሜሪካ በበኩሏ ያኔ ትታው ነበር። አጣሪ ኮሚሽናቸው አስመራና ሞቃዲሾ ተመላልሶ ሕዝቡን ጠይቋል፤ የተጠየቀው ሰው መልስ ግን ከሮም የድምፅ ቆጠራ ያነሰ ክብደት ነበረው።

ጉዳዩ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ተጣለ። በሜይ 1949 ብሪታንያና ጣሊያን የተስማሙበት የክፍፍል ዕቅድ በትሪፖሊታንያ ጥያቄ ላይ በአንድ ድምፅ ጉድለት ወደቀ፤ ‹‹አይሆንም›› ካሉት አንዱ የሄይቲ ተወካይ ነበር። ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ያገናኘው ውሳኔ በዲሴምበር 2 ቀን 1950 ሲያልፍ የኮሪያ ጦርነት ተጋግሎ ነበር። በሜይ 1951 የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ፑሳን ወደብ ወርዶ ከአሜሪካ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፈ። ኤልባ ላይ ከተቃቀፉት ሁለት ጦሮች የአንደኛው ጠመንጃ በእኛ ልጆች እጅ ነበር፤ የሌላኛው መሣሪያ ከኮረብታው ማዶ ይተኩስባቸዋል። ስንቃቸው ከአሜሪካ ጦር መጋዘን የሚመጣ የታሸገ ሥጋ ነበር፤ ጾም የሚጾመው ወታደር ረቡዕና ዓርብ ጣሳውን ለጓደኛው ያሳልፋል።